አጭሩ መድፍ በሸራ መርከብ ዘመን



የዛሬው ንግግር ስለ አንድ መድፍ ነው። ስሙ ካሮኔድ ይባላል። ቁመቱ አጭር፥ አፉ ሰፊ፥ ክብደቱም ቀላል ነበር፤ ቀርቦ ለተዋጋው ጠላት ግን እጅግ የሚያስፈራ መሣሪያ ሆኖ ተገኝቶአል። መርከብ ሁሉ በነፋስና በሸራ ይሄድ በነበረበት ዘመን ይህ መድፍ ሰባ ዓመት ያህል በብዙ ባሕር ላይ ሠርቶአል። አንዳንዱን የመርከብ አለቃ አስከብሮ ወደ አገሩ መለሰው፤ አንዳንዱን ደግሞ ከነጭፍራው ለጥፋት አሳልፎ ሰጠው። መድፉ አንድ ሲሆን ፍሬው ሁለት የሆነበትን ምክንያት ማስረዳት የዚህ ንግግር ጉዳይ ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የዚያ ዘመን የጦር መርከብ ምን ትመስል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። መርከቢቱ ባሉጥ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራች፥ እንደ ፎቅ ቤት ባለ ብዙ ደርብ ነበረች። መድፎቹ በግራና በቀኝ ጐኗ፥ አፋቸውን በየመስኮቱ ወደ ውጭ አውጥተው ተደርድረው ይቆማሉ። ስለዚህ መርከብ ከመርከብ ጋራ ስትዋጋ እንደ ጦረኛ ፊቷን አዙራ ሳይሆን ጐኗን ሰጥታ ነው የምትተኵሰው። በአንድ ጐን ያሉት መድፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጥሉት የብረት ክብደት የመርከቢቱ ኀይል መለኪያ ነበር።

መድፉም የሚጠራው በሚተኵሰው አረር ክብደት ነው። የእንግሊዞች ሚዛን ፓውንድ ይባላል፤ ይህም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያንሳል። ባለ 32 የተባለው መድፍ 14 ኪሎ ተኩል የሚመዝን አረር ይተኵሳል፤ በአገራችን ሚዛን ከአንድ ፈረሱላ ትንሽ ዝቅ ያለ ማለት ነው። ባለ 68 የሆነው ደግሞ 31 ኪሎ ያህል፥ ወደ ሁለት ፈረሱላ የሚጠጋ አረር ይተኵሳል። አረሩ ውስጡ ድፍን ብረት እንጂ እንደ ዛሬው የሚፈነዳ አልነበረም።

እንግዲህ ትልቅ አረር ለመተኰስ ትልቅ መድፍ ያስፈልጋል። በዘመኑ የነበረው ረጅም ባለ 32 መድፍ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ፥ ክብደቱም 28 ኩንታል ያህል ነበር። አንዱን መድፍ ለማጕረስ፥ ለመጐተትና ለማነጣጠር ዐሥራ አራት ያህል ሰው ይመደብለታል። ይህን የመሰለ ክብደት ደግሞ በመርከቢቱ ታችኛ ደርብ እንጂ በላይኛው ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ራሷ ከብዶባት በማዕበል ትገለበጣለችና። ስለዚህ በላይኛው ወለል ላይ የሚቀመጡት ባለ 6፥ ባለ 9 ወይም ባለ 12 የሆኑ ትንንሽ መድፎች ብቻ ነበሩ። ትንንሽ መርከቦችም ከባድ አረር የመተኰስ ተስፋ አልነበራቸውም። የንግድ መርከብማ ጭራሽ ችግሯ የባሰ ነበር፤ ሀብት ጭና ትሄዳለች፥ ሰዎቿ ግን ጥቂት ናቸው፤ ዐሥራ አራት ሰው ለአንድ መድፍ ከየት ታመጣለች?

መፍትሔው የመጣው ከባሕር ላይ ሳይሆን ከብረት ማቅለጫ ቤት ነው። ካሮን በስኮትላንድ አገር ፎልከርክ ከሚባለው ከተማ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ ነው። በ1759 ሮባክ፥ ጋርቤትና ካዴል የተባሉ ሦስት ሰዎች ገንዘባቸውን አስተባብረው በዚህ ወንዝ ዳር የብረት ማቅለጫ አቋቋሙ። ማቅለጫው የሚነደው በእንጨት ከሰል ሳይሆን ከድንጋይ ከሰል በተዘጋጀ ኮክ በሚባል ማገዶ ስለ ነበር፥ ለስኮትላንድ አዲስ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ የወጡት የመጀመሪያዎቹ መድፎች መጥፎ ስም አተረፉ። ሲተኰሱ የሚፈነዱ ስለ ተገኙ በ1773 የእንግሊዝ መንግሥት የካሮን መድፎች ከጦር መርከቦቹ ላይ እንዲወርዱ አዘዘ። የሚፈነዳ መድፍ የሚገድለው ጠላትን ሳይሆን የገዛ ተኳሾቹን ነውና፥ ለመድፍ ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ውርደት የለም።

በዚያን ጊዜ የማቅለጫው ሥራ መሪ ቻርልስ ጋስኮይን የሚባል ሰው ነበር። ጋስኮይን በውርደቱ ተስፋ ቈርጦ አልተቀመጠም። መድፉን ባዶ ልብ እንዲኖረው አድርጎ በማፍሰስ ፈንታ፥ ድፍን አድርጎ አፍስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ በመሣሪያ መቦርቦር ጀመረ። እንዲህ የተሠራው መድፍ ውስጡ የቀና፥ ልኩም የታወቀ ሆነ። ከዚህም በኋላ አጭሩ መድፍ ተወለደ። ፈጣሪው ማን ነው የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። አንዳንዶች ሐሳቡን ያመነጨው ጄኔራል ሮበርት ሜልቪል ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች ጋስኮይን ነው ይላሉ፤ ፓትሪክ ሚለር የተባለው የኤዲንብራ ባለ ባንክም ድርሻ እንዳለው ይነገራል። ምናልባት እውነቱ በሦስቱ መካከል ይሆናል። በመጀመሪያ በጋስኮይን ስም ጋስኮኔድ ተብሎ ተጠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል በአውሮፓ ቋንቋ ጉራ ማለት ሆኖ ስለ ተገኘ ለመድፍ ስምነት የሚያኰራ አልነበረም፤ ካሮኔድ የሚለው ስም ጸና። መርከበኞች ግን በራሳቸው አጠራር አድቃቂው ይሉት ነበር።

መምህሩ የመድፉን አሠራር ለልጆች ለማስረዳት ቢፈልግ በሰሌዳው ላይ ሁለት ቧንቧ ጐን ለጐን ይሣል። በአንደኛው ቧንቧ ውስጥ ያለው ኳስ ከቧንቧው የጠበበ፥ በዙሪያው ክፍተት ያለው ይሁን። ይህ ረጅሙ መድፍ ነው። የቀድሞ አረሮች ሁሉም እኩል ክብ ስላልነበሩ፥ ደግሞም ዝገት ስለሚያወፍራቸው፥ በመድፉ ውስጥ ተቀርቅረው እንዳይቀሩ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተውላቸው ነበር። ባሩዱ ሲነድ ግን ከሚወጣው ኀይል ብዙው በዚህ ክፍተት ሾልኮ ይጠፋል። የአንጥረኛ ወናፍ ቀዳዳ ሲኖረው ትንፋሹ ፍሙን ሳይነካ በከንቱ እንደሚወጣ ያለ ነው። በሁለተኛው ቧንቧ ውስጥ ያለው ኳስ ደግሞ ለቧንቧው ልክ የሆነ፥ ክፍተቱ እጅግ የጠበበ ይሁን። ይህ ካሮኔድ ነው። የካሮን ሠራተኞች አረሩን በጥንቃቄ ክብ አድርገው፥ የመድፉንም ልብ በልኩ ቦርቡረው ስለ ሠሩ የባሩዱ ኀይል አይባክንም።

ከዚህ ከአንዱ ነገር ሌላው ሁሉ ተከተለ። ኀይሉ ስለማይባክን ባሩዱን መቀነስ ተቻለ። ረጅሙ መድፍ የአረሩን ክብደት አንድ ሦስተኛ የሚያህል ባሩድ ይጐርሳል፤ ካሮኔድ ግን አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ያህል ይበቃዋል። ለባለ 32 አረር ረጅሙ መድፍ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ባሩድ ሲፈጅ፥ ካሮኔድ 1 ኪሎ ከሩብ ያህል ብቻ ይፈጃል። ባሩዱ ጥቂት ከሆነ የመድፉ ግድግዳ ወፍራም መሆን አያስፈልገውም፤ ቁመቱም ይጠር ዘንድ ይችላል። ስለዚህ ባለ 32 ካሮኔድ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ያህል፥ ክብደቱም 9 ኩንታል እንኳ የማይሞላ ሆነ። ይህ ከረጅሙ ባለ 32 መድፍ ክብደት አንድ ሦስተኛ እንኳ አይደርስም፤ ከረጅም ባለ 12 መድፍ እንኳ በብዙ ይቀላል።

አልጋውም ተለወጠ። ረጅሙ መድፍ አራት መንኰራኵር ባለው የእንጨት አልጋ ላይ ተቀምጦ፥ በተተኰሰ ቍጥር ወደ ኋላ ስለሚንደረደር በወፍራም ገመድ ይገታ ነበር። ካሮኔድ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት እንጨት ላይ፥ ከሆዱ በታች ባለው የብረት ቀለበት ተያይዞ ይቀመጣል። አፉን ከፍና ዝቅ ለማድረግ እንደ ቀድሞው ሽብልቅ በመዶሻ መምታት ቀርቶ ከበስተ ኋላው ያለውን ጠመዝማዛ ብረት ማዞር ይበቃል። እንግዲህ ጥቂት ሰዎች ፈጥነው ሊያጐርሱትና ሊተኵሱት ቻሉ።

የአረሩ ጕዳት እንዴት ያለ እንደ ሆነ መናገር ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሳይነገር ቢቀር ነገሩ አይታወቅም። በፍጥነት የሚበር አረር የመርከቢቱን እንጨት በስቶ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፤ ይህን ቀዳዳ አናጢ በውታፍ ሊደፍነው ይችላል። የካሮኔድ አረር ግን ከባድና ዘገምተኛ ስለ ሆነ እንጨቱን አይበሳውም፤ ይሰብረዋል፥ ይሸረክተዋል። ቀዳዳው ሰፊና የተቦጫጨቀ ይሆናል፤ ከእንጨቱም የሚፈናጠረው ስንጣሪ እንደ ጦር እየተወረወረ በውስጥ ያሉትን ሰዎች ይወጋል። በእንጨት መርከብ ጦርነት ከአረሩ ይልቅ ስንጣሪው ብዙ ሰው ያቈስል ነበር።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን አንድ ዋጋ ነበረው። አጭር ቧንቧና ጥቂት ባሩድ አረሩን ሩቅ አያደርሱትም። ካሮኔድ በሚገባ የሚመታው ጠላቱ እስከ 400 ሜትር ድረስ ሲቀርብለት ነው፤ ከዚያ በላይ አረሩ ይዝላል። ረጅሙ መድፍ ግን ምንም እንኳ በሩቅ ማነጣጠሩ አስቸጋሪ ቢሆን ከ1,500 ሜትር በላይ መላክ ይችላል። አድማጭ ይህን ልዩነት በልቡ ይያዘው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

የእንግሊዝ ባሕር ኀይል አዲሱን መድፍ በ1779 ተቀበለ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ከአሜሪካ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከፈረንሳይና ከእስፓንያም ጋራ ትዋጋ ስለ ነበር ኀይል የሚጨምርላትን ነገር ሁሉ ትፈልግ ነበር። የባሕር ኀይሉን አስተዳደር ይመራ የነበረው ቻርልስ ሚድልተን መድፉን ደግፎ ተከራከረለት። ብዙዎች የመርከብ አለቆች ግን ዐጭርነቱን አይተው ናቁት። ይሁን እንጂ በ1781 መጀመሪያ ካሮኔድ የተጫነባቸው መርከቦች 429 ደርሰው ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት መድፎቹ ተጥለውበት ለነበረው ማቅለጫ ይህ ታላቅ ካሳ ነው።

ሚድልተንና ባልንጀሮቹ ከዚህም አልፈው ፈተና አደረጉ። ሬይንቦ የምትባል ያረጀች ባለ 44 መድፍ መርከብ ነበረች። በ1782 ረጃጅም መድፎቿ ሁሉ ወርደው በፈንታቸው 48 ካሮኔዶች ተጫኑባት፤ 20ው ባለ 68፥ 22ቱ ባለ 42፥ 6ቱ ባለ 32 ነበሩ። ይህን ለሒሳብ ትምህርት መጠቀም ይቻላል። ቀድሞ 20 ባለ 18፥ 22 ባለ 12ና 2 ባለ 6 መድፎች ነበሯት። መርከቢቱ በአንድ ጐኗ የምትተኵሰው በግማሾቹ ብቻ ነውና ተማሪው እያባዛ፥ እየደመረና ለሁለት እየከፈለ ቢያወጣው፥ በፊት በአንድ ጊዜ የምትጥለው ብረት 318 ፓውንድ፥ በኋላ ግን 1,238 ፓውንድ እንደ ሆነ ያገኘዋል። ይህም ከስምንት ፈረሱላ ተኩል ወደ 33 ፈረሱላ ከፍ አለ ማለት ነው፤ መርከቢቱ ያችው አሮጌዋ መርከብ ሳለች።

የሬይንቦ አለቃ ሄንሪ ትሮሎፕ ይባላል። በዚያው ዓመት መስከረም 4 ቀን በፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ ላይ ኤቤ የምትባለውን አዲስና ያማረች የፈረንሳይ ፍሪጌት አገኘና ተከተላት። ከፊት ለፊቱ ካሉት ካሮኔዶች ጥቂት ጊዜ ተኰሰ። አረሩ በፈረንሳዪቱ መርከብ ላይ ወደቀ፤ ፈረንሳዊውም አለቃ አረሩን ባየ ጊዜ ባለ 32 ሆኖ አገኘው። ከዚህ በኋላ በልቡ ያሰበው ይህ ነው፤ ትንንሽ መድፍ በሚቀመጥበት በፊተኛው ወለል ላይ ባለ 32 የጫነች መርከብ በታችኛው ደርብ ምን ልትይዝ ነው? እንግዲህ ትልቅ የጦር መርከብ መሆን አለባት ብሎ፥ ለክብሩ ያህል የአንድ ጐን መድፎቹን ተኵሶ እጁን ሰጠ። በእውነቱ ኤቤ ረጃጅም ባለ 18 መድፎች ስለ ነበሯት ራቅ ብላ ብትዋጋ ኖሮ ሬይንቦ አንዳች ልታደርጋት አትችልም ነበር። አለቃው የተሸነፈው በመድፉ ሳይሆን በግምቱ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስም በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ተጠይቆበታል።

ትሮሎፕ ይህን ድል አልረሳም። ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1796፥ ግላተን የምትባለውን ከንግድ መርከብነት ወደ ጦር መርከብነት የተለወጠች መርከብ ሲሾምባት መድፎቿ ሁሉ ካሮኔዶች እንዲሆኑ አደረገ፤ በታችኛው ደርብ 28 ባለ 68 ካሮኔዶች ነበሯት። በሐምሌ ወር አጋማሽ በፍላንደርስ ባሕር ላይ ብቻዋን ሳለች ከብዙ የፈረንሳይ መርከቦች ጋራ ገጠመች። ፈረንሳዮቹ ከበዋት ሊይዟት ቀረቡ፤ መቅረባቸውም ጐዳቸው። ሌሊቱን ተዋግተው፥ መርከቦቻቸው ተሰባብረው ወደ ፍለሺንግ ወደብ ሸሹ።

በትራፋልጋር ጦርነት የሆነውም የታወቀ ነው። ጥቅምት 21 ቀን 1805 የአድሚራል ኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ በፊተኛው ወለሏ ላይ ሁለት ባለ 68 ካሮኔዶች ነበሯት። የፈረንሳዩ አድሚራል ከነበረባት ከቡሰንቶር በስተ ኋላ ጥግ ለጥግ ስታልፍ፥ የግራው ካሮኔድ አንድ ድፍን አረርና 500 የጠመንጃ ጥይት የሞላበት በርሜል ጐርሶ በኋለኛዎቹ መስኮቶች በኩል ተተኰሰ። የመርከብ ጀርባ እንደ ጐኗ ጠንካራ አይደለም፤ መስታወትና ቀጭን እንጨት ብቻ ነው። ጥይቱ ከኋላ ገብቶ በመርከቢቱ ርዝመት ሁሉ አለፈ።

እዚህ ላይ ስለ ቍጥር አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ይገባል። የጦር መርከብ ደረጃዋ የሚነገረው በመድፎቿ ቍጥር ሲሆን፥ ካሮኔዶች ግን ለብዙ ዘመን አይቈጠሩም ነበር። ባለ 38 መድፍ የምትባል ፍሪጌት በእውነት ከ45 በላይ ትይዝ ይሆናል። ይህ ስሕተት የታረመው በ1817 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የባሕር ጦርነት ታሪክ የሚያነብ ሰው፥ እገሊት ባለ ይህን ያህል መድፍ ነበረች የሚለውን ቃል ሳይመረምር መቀበል የለበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍሬ እንመጣለን። በ1812 አሜሪካና እንግሊዝ እንደ ገና ጦርነት ጀመሩ፤ በዚህ ጊዜ አሜሪካኖችም በመርከቦቻቸው ላይ ብዙ ካሮኔድ ጭነው ነበር። መስከረም 10 ቀን 1813 በኤሪ ሐይቅ ላይ በተደረገው ውጊያ የአሜሪካው አዛዥ ኦሊቨር ፔሪ የነበረባት ሎረንስ የተባለች መርከብ 18 ባለ 32 ካሮኔዶችና 2 ረጃጅም ባለ 12 መድፎች ብቻ ነበሯት። ነፋሱ ደካማ ስለ ነበር ወደ ጠላት ቶሎ መጠጋት አልቻለችም። የእንግሊዞቹ መርከብ ዲትሮይት ረጃጅም መድፎች ስለ ነበሯት በዚህ ጊዜ ሁሉ ሎረንስን ከሩቅ ትመታት ነበር። ሎረንስ ከቀረበች በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል ተዋግታ 22 ሰዎች ሞቱባት፥ 61 ቈሰሉ፤ በመጨረሻም የሚተኰስ መድፍ አጣች። ፔሪ በትንሽ ታንኳ ተቀምጦ፥ እስከዚያ ድረስ ርቃ ወደ ቈየችው ወደ ናያጋራ ተሻገረ። ናያጋራም 18 ካሮኔዶች ነበሯት፤ በእንግሊዞቹ መካከል ገብታ በቅርብ በተኰሰች ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይሞላ እጃቸውን ሰጡ። በአንድ ቀን፥ በአንድ ሐይቅ ላይ፥ በአንድ ዐይነት መድፍ አንዲቱ መርከብ ጠፋች፥ ሁለተኛዪቱ ድል አደረገች።

ኤሴክስ የተባለችው የአሜሪካ ፍሪጌት ግን ሁለተኛ ዕድል አላገኘችም። ኤሴክስ በ1799 በማሳቹሴትስ ሕዝብ መዋጮ ተሠርታ የተሰጠች መርከብ ናት። ስትሠራ ረጃጅም ባለ 12 መድፎች ነበሯት፤ በኋላ ግን ሌሎች ሰዎች ሐሳባቸውን ለውጠው 40 ባለ 32 ካሮኔዶች ጫኑባትና 6 ረጃጅም ባለ 12 መድፎች ብቻ ቀሩላት። በ1811 ካፒቴን ዴቪድ ፖርተር ሲሾምባት ይህን አይቶ አልወደደውም። ሸራዋና ደቀሏ ቢሰበር ከሩቅ የሚመታ ጠላት እንደ ፈለገ ያደርጋታል ብሎ ፈራ። ረጃጅም መድፎች እንዲመለሱለት ለባሕር ኀይል ሚኒስቴር ጻፈ፤ ጥያቄው ግን አልተፈጸመለትም።

መጀመሪያ ላይ ፖርተር የተሳሳተ ይመስል ነበር። ነሐሴ 13 ቀን 1812 አለርት የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ፥ ኤሴክስን የንግድ መርከብ መስላት ቀረበቻት፤ በስምንት ደቂቃ ውስጥም ውሃ እየሞላባት እጇን ሰጠች። ቀጥሎ ኤሴክስ የአሜሪካን ደቡብ ጫፍ ዞራ ወደ ሰላማዊው ውቅያኖስ ገባች፤ በዚያም ዓሣ ነባሪ የሚያጠምዱትን የእንግሊዝ መርከቦች እየያዘች በ1813 ብዙ ጥፋት አደረሰችባቸው። እንግሊዞችም እሷን እንዲፈልግ ካፒቴን ጀምስ ሂልያርን ፊቢ በምትባል ፍሪጌት ላኩ፤ ቼረብ የምትባል ትንሽ መርከብም ተጨመረችለት። ፊቢ 26 ረጃጅም ባለ 18 መድፎች ነበሯት።

በየካቲት 1814 ሁለቱ አለቆች በቺሊ አገር በቫልፓራይዞ ወደብ ተገናኙ። ወደቡ በጦርነቱ የማይካፈል ሕዝብ ወደብ ስለ ነበር በዚያ ውስጥ መዋጋት የተከለከለ ነው። ፊቢ ስትገባ ነፋሱ ገፋትና ወደ ኤሴክስ እጅግ ቀረበች፤ የፊተኛው እንጨቷ በኤሴክስ ወለል ላይ እስኪያልፍ ድረስ ደረሰች። የኤሴክስ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው፥ ካሮኔዶቻቸውን አጕርሰው በየቦታቸው ቆመው ነበር። ካሮኔድ የተሠራው ለዚህች ሰዓት ነው፤ አንድ ቃል ቢነገር ፊቢ በጥቂት ደቂቃ ትደቅቅ ነበር። ፖርተርና ሂልያር ቀድሞ በሜዲቴራኒያን ባሕር ይተዋወቁ ነበር። ሂልያር መቅረቡ በስሕተት እንጂ ለውጊያ አለመሆኑን ከመርከቡ ላይ ሆኖ ተናገረ፤ ፖርተርም የወደቡን ሕግ አክብሮ ተወው። ይህን በማድረጉ ብዙዎች አመስግነውታል፥ ጥቂቶችም ነቅፈውታል። የሕግን ክብር ለሚያስብ ሰው ግን ሥራው የሚያስነቅፍ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሂልያር ከወደቡ ውጭ ሆኖ ይጠብቅ ጀመር፤ ፖርተር ለአንድ ለአንድ ውጊያ ቢጠራውም እሺ አላለም። ጠላቱ በምን እንደሚበረታ፥ በምንም እንደሚደክም አውቆ ነበርና። መጋቢት 28 ቀን ብርቱ ነፋስ ተነሥቶ የኤሴክስን የመልሕቅ ገመድ በጠሰው። ፖርተር እግረ መንገዱን አመልጣለሁ ብሎ ሸራ ዘርግቶ ወጣ፤ ነገር ግን ድንገተኛ ዐውሎ የመካከለኛውን ደቀል ላይኛ ክፍል ሰብሮ ከነበሩበት ሰዎች ጋራ ባሕር ውስጥ ጣለው። የፈራው ነገር ደረሰበት። ወደ ወደቡ መመለስ ስላልቻለ በየብሱ ዳር በአንድ ትንሽ ሰርጥ መልሕቅ ጣለ፤ እዚያም የገለልተኛው አገር ሕግ እንዲጠብቀው ተስፋ አደረገ። ሂልያር ግን በዚያ ቀን ሕጉን አላሰበውም።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ውጊያው ተጀመረ። ፖርተር ሦስት ረጃጅም መድፎቹን ወደ ኋላ መስኮቶች አዙሮ ሲተኵስ እንግሊዞቹ ተጐድተው ለጥገና ጥቂት ራቁ፤ እነዚያ ስድስት መድፎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው በዚህ ታወቀ። ሁለተኛ ሲመለሱ ሂልያር ካሮኔድ በማይደርስበት ስፍራ ቆሞ በረጃጅም መድፎቹ መምታት ጀመረ። አርባው ካሮኔድ ዝም አለ። ፖርተር ገመዱን ቈርጦ፥ በቀረችው አንዲት ትንሽ ሸራ ወደ ፊቢ ለመጠጋት ሞከረ፤ ለጥቂት ጊዜም ቀርቦ ቼረብን አባረራት። ፊቢ ግን ሸራዋ ሙሉ ስለ ነበር እሱ ሲቀርብ እሷ ትርቃለች። ፖርተር ኋላ ባቀረበው ዘገባ እንደ ተናገረው በአንድ መድፍ ላይ ተኳሾች ሦስት ጊዜ ተተኩ፤ በዚያ መድፍ ብቻ 15 ሰዎች ሞቱ። መርከቢቱን ከየብስ አጋጭቶ ሊያቃጥላት አሰበ፤ ነፋሱ ዞረና ከየብሱ መለሰው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከተዋጋ በኋላ ሰንደቅ ዓላማውን አወረደ።

ከ255 ሰዎች 58ቱ ሞቱ፥ 66ቱ ቈሰሉ፥ 31ዱም ወደ የብስ ሊዋኙ ሲሞክሩ ወይም በሌላ መንገድ በባሕር ጠፉ። በእንግሊዞች በኩል የሞቱት 5፥ የቈሰሉት 10 ብቻ ናቸው። በኤሴክስ ላይ ዕድሜው 12 ዓመት የሆነ ዴቪድ ፋራጉት የሚባል ልጅ ነበር፤ በደም በጨቀየው ወለል ላይ ባሩድ እያመጣ፥ ትእዛዝ እያደረሰ ውሏል። ይህ ልጅ በ1866 የአሜሪካ ባሕር ኀይል የመጀመሪያው አድሚራል ሆነ።

ካሮኔድ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቈየም። በ1820ዎቹ ፈረንሳዊው ፔክሳን የሚፈነዳ አረር በቀጥታ የሚተኵስ ትልቅ መድፍ አወጣ፤ መርከቦችም በእንፋሎት መሄድ ጀመሩ፤ እየቀረበ የሚዋጋ ጠላት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። በ1850ዎቹ አጭሩ መድፍ ከባሕር ላይ ጨርሶ ጠፋ። የካሮን ማቅለጫ ግን ምድጃና የቤት ዕቃ እየሠራ እስከ 1982 ቈየ።

ኤሴክስን እንግሊዞች ጠግነው ወደ አገራቸው ወሰዷት። በኋላም በአየርላንድ በኪንግስታውን ወደብ ደቀሏ ተነቅሎ የእስረኞች ማኖሪያ ሆነች፤ በ1837 በሐራጅ ተሸጠች።